ጡብ የከፈተው እርግብግቢት፦ የገበሬው ቤርቲኖ ጉዳይ

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ሁሉ አይቷታል። ሕፃኑ ጠብቶ ተኝቷል። ፀጉሩ ገና ስስ ነው። ከግንባሩ ከፍ ብሎ፣ መሃል አናቱ ላይ፣ ቆዳው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህችን ቦታ የሰየሙ ሰዎች በደንብ ያዩ ሰዎች ናቸው። ስትርገበገብ አይተው እርግብግቢት አሏት።

አያቶቻችን ከዚህች ቦታ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ለጋ ቅቤ ይቀቧታል። በሻሽ ይሸፍኗታል። ሕፃኑን ልቀፍ የሚል ልጅ ከመጣ "አናቱን እንዳትነካ!" ይሉታል። ስትጎደጉድ ይደነግጣሉ፤ ስታብጥም ይደነግጣሉ። ይህን እንደ ከንቱ ስጋት የሚያይ ሰው አለ። እኔ ግን አያቶቻችን ልክ ናቸው እላለሁ። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ዓይን፣ የሰው አንጎል ትርታ የሚታየው እዚህች ቦታ ላይ ነው። እሷም ለአንድ ለሁለት ዓመት ክፍት ሆና ትቆይና ትዘጋለች።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሕፃን አይደለም። በ37 ዓመቱ አናቱ እንደገና ስለተከፈተ አንድ ጣሊያናዊ ገበሬ ነው። ሚኬሌ ቤርቲኖ ይባላል። የሰው ልጅ ሲያስብ አንጎሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስመር ተስሎ ከታየባቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ለምን ትርገበገባለች?

ታሪኩ እንዲገባን መጀመሪያ ከሕፃኑ እንነሳ። ሕፃን ሲወለድ የራስ ቅሉ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። የተለያዩ አጥንቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ጠንካራ ሽፋን ተወጥሮ ያያይዛቸዋል። ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት መስመር ስፌት ይባላል። ስፌቶቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ሰፋ ያለ ክፍተት ይቀራል። ትልቋ ክፍተት ከፊት ያለችው ናት። ቅርጿ የመጫወቻ ካርታ ላይ እንዳለው ዳይመንድ ነው። ከኋላ በኩል አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ እሷ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ትዘጋለች። የፊተኛዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ አንድ ዓመት ሞልቶት ሁለት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የምትዘጋው።

ክፍተቱ ያለምክንያት አልተተወም። በምጥ ጊዜ አጥንቶቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው ጭንቅላቱ በጠባቡ መንገድ ያልፋል። አንዳንድ ሕፃን ጭንቅላቱ ሾጠጥ ብሎ ተወልዶ በቀናት ውስጥ የሚስተካከለው ለዚህ ነው። ከዚያ ደግሞ የአንጎል እድገት አለ። ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው የራስ ዙሪያ በዓመቱ 46 አካባቢ ይደርሳል። አጥንቱ ቀድሞ ቢዘጋ አንጎሉ የት ይደግ?

መርገብገቧስ? ልብ በመታች ቁጥር ደም ወደ አንጎል ይገፋል። አንጎል በዚያች ቅጽበት በጥቂቱ ያብጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። ከላዩ አጥንት ስለሌለ ያቺ ትንሽ እብጠት ቆዳውን ታነሳዋለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ እርግብግቢቷ የምትወጠረውም በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ደሙ ከጭንቅላት ቶሎ ስለማይወርድ ነው።

የእኔና የእናንተም አንጎል እንዲሁ ይርገበገባል። ግን አይታይም፤ አጥንት ውስጥ ተዘግቷል። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ሞንሮ በ1783፣ ቀጥሎም ጆርጅ ኬሊ በ1824 አንድ ነገር ተናግረው ነበር። የትልቅ ሰው የራስ ቅል የማይለጠጥ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር አንዱ ከጨመረ ሌላው መቀነስ አለበት አሉ። በመሠረቱ ልክ ናቸው። ዛሬም የጭንቅላት ቀዶ ሐኪሞች የሚመሩበት ሐሳብ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነስተው ብዙዎች "እንግዲያው አንጎል ውስጥ ያለው ደም አይለዋወጥም" ወደሚል መደምደሚያ ሄዱ። ይህን የሚያረጋግጥም የሚያፈርስም ሰው ከየት ይምጣ? የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ማን ያያል?

ጡቧ

በ1877፣ በወርኀ ጁላይ፣ ቤርቲኖ ላይ ከከፍታ ጡብ ወደቀበት። ያረፈው አናቱ ላይ ነው። ራሱን ሳተ። ከግንባሩ በላይ በቀኝ በኩል የራስ ቅሉ ተሰበረ።

ዘመኑን አስቡት። አንቲባዮቲክ የለም። ቁስልን ከጀርም መከላከል የሚለው ሐሳብ ራሱ ገና መንገድ መጀመሩ ነው፤ ጆሴፍ ሊስተር ዘዴውን በጽሑፍ ካወጣ አሥር ዓመቱ ነበር። አጥንቱ ተሰብሮ አንጎሉ የተጋለጠ ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ከጡቡ ሳይሆን ከጡቡ በኋላ በሚመጣው መመረዝ ነው። ቤርቲኖ ግን ተረፈ። ጠንካራ የገጠር ሰው ነበር። አእምሮውም ደህና ነበር፤ ይናገራል፣ ያስባል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል። ሳይዘጋ የቀረው ክፍተቱ ነው። በዚያ ክፍተት በኩል አንጎሉ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ትር ትር ሲል ይታያል።

በዚሁ ጊዜ ቱሪን ከተማ አንጄሎ ሞሶ የሚባል የሰላሳ አንድ ዓመት ወጣት ሐኪም ነበር። የአናጺ ልጅ ነው። ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ሞሶ በሕይወቱ ሙሉ ዕቃ ሲሠራ፣ ሲገጣጥም፣ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው፤ የአባቱ እጅ በእሱ ላይም ይታያል። በጀርመን ላይፕዚግ ከካርል ሉድቪግ፣ በፓሪስ ከኤቲየን ዡል ማሬ ዘንድ ሠርቷል። ሁለቱም የሚታወቁት የሰውነትን እንቅስቃሴ ወደ መስመር በመለወጥ ነው። ትርታን በጣት መዳሰስ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ማስጻፍ፦ ከዚያ ዘመን ትላልቅ የሕክምና ግኝቶች አንዱ ይህ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሞሶ ከቤርቲኖ በፊትም አናታቸው የተከፈተ ሰዎች ገጥመውታል። አንዷ ቂጥኝ የራስ ቅሏን አጥንት የበላባት ሴት ነበረች። ከሐኪሙ ካርሎ ጃኮሚኒ ጋር ሆኖ በ1876 ተከታተላት። አንድ ቀን ጸጥ ብላ ተቀምጣ የአንጎሏ ትርታ ወረቀቱ ላይ ሲሳል፣ ድንገት መስመሩ ከፍ ከፍ አለ። ማንም አልነካትም፤ ማንም አላናገራትም። ምን ሆንሽ ቢሏት፣ ፊት ለፊቷ ባለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ውስጥ የሰው የራስ ቅል አየሁ፤ ሕመሜን አስታወሰኝ አለች።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል። ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር ድንጋጤዋ ወረቀት ላይ ተጻፈ።

ሌላው የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በአንድ ዓመት ተኩሉ ከከፍታ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሯል። አእምሮው ከዚያ በኋላ አላደገም፤ የሚጥል በሽታም ነበረበት። ሞሶ እንደጻፈው ልጁ ደጋግሞ የሚላት ነገር "ትምህርት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ" የምትል ነበረች። እነዚህ ሰዎች ለሳይንስ "ናሙና" ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ነው ልጁንም የማነሳው።

ሁለቱ ሕመምተኞች ግን አንድ ችግር ነበራቸው። አንዷ በሽታው ገና ያልለቀቃት፣ ሌላው አንጎሉ በጣም የተጎዳ ነው። ከእነሱ የተገኘውን ነገር ስለ ጤነኛ ሰው ለመናገር ይከብዳል። ቤርቲኖ ልዩ የሆነው ለዚህ ነው። አናቱ ተከፍቷል፤ ሰውየው ግን ሙሉ ሰው ነው።

እንዴት ነው የለካው?

መሣሪያው ቀላል ነው። ጉታ ፐርቻ የሚባል እንደ ጎማ ያለ ነገር አለ፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ሞሶ ከዚህ ክፍተቱን የሚገጥም ክዳን ሠራ። ክዳኑ መሃል ላይ የመስታወት ቱቦ አለ። ከቱቦው የጎማ ቧንቧ ይነሳል። ቧንቧው ስስ ሽፋን የተወጠረበት ትንሽ ከበሮ ላይ ይደርሳል፤ ይህ የማሬ ሥራ ነው። አንጎሉ ከፍ ሲል ክዳኑ ውስጥ ያለውን አየር ይገፋል። አየሩ የከበሮውን ሽፋን ያነሳል። ሽፋኑ ላይ ያለች ቀጭን ብዕር ትንቀሳቀሳለች። ብዕሯ ጥላሸት በተቀባ፣ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መስመር ትጭራለች።

የቤርቲኖ አንጎል ራሱ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። በየልብ ምቱ አንድ ጉብታ።

ሞሶ ግን እዚህ አላቆመም። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ቀጥሎ ባደረገው ላይ ነው። የቤርቲኖን ክንድ ውሃ በተሞላ የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ አስገባና የክንዱን ትርታም አብሮ አስጻፈ። ወደ ክንዱ የሚገባው ደም ሲጨምር ክንዱ ያብጣል፤ ውሃው ይገፋል፤ ብዕሯ ትነሳለች። መሣሪያው ፕሌቲስሞግራፍ ይባላል።

ክንዱ ለምን አስፈለገ? እስቲ አስቡት። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል። ልቡ በኃይል ከመታ ደሙ በየቦታው ይጨምራል፤ አንጎልም ውስጥ ይጨምራል። ታዲያ የአንጎሉ መስመር ከፍ ቢል አንጎሉ ራሱ ሥራ ስለበዛበት ነው ወይስ ልቡ ስለመታ? በአንጎሉ መስመር ብቻ አይለይም። ክንዱ ግን ምስክር ይሆናል። ሁለቱም እኩል ከጨመሩ ነገሩ የልብ ነው። አንጎሉ ጨምሮ ክንዱ ባለበት ከቆየ ግን ደሙ ለአንጎል ተብሎ ነው የሄደው።

አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ ለመልሱ ምስክር አብሮ ማስቀመጥ። ይህን ዓይነት ጥንቃቄ ዛሬም በብዙ ጥናት ውስጥ አላገኘውም።

ደወሉ

አንድ ቀን ቤርቲኖ ክዳኑን አድርጎ፣ ክንዱን አስገብቶ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱም ብዕሮች እኩል እኩል ይጽፋሉ። እኩለ ቀን ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ።

የአንጎሉ መስመር ከፍ አለ። የክንዱ አልተለወጠም።

ሞሶ ነገሩን አልዘለለውም። በካቶሊኮች ዘንድ የእኩለ ቀን ደወል ሲሰማ ወደ እመቤታችን መጸለይ የተለመደ ነው። "አቬ ማሪያ" ይባላል ጸሎቱ። የእኛ ሰው "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ" ብሎ የሚደግመውን ዓይነት ነው፤ መልአኩ ለእመቤታችን ያቀረበው ሰላምታ። የገጠር ሰው ደወሉን ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም፤ ቢያንስ በልቡ ያስባታል። ሞሶ ቤርቲኖን ጠየቀው፦ ደወሉ አቬ ማሪያ መድገም እንዳለብህ አስታወሰህ ወይ? ጥያቄው ሲጠየቅ መስመሩ እንደገና ከፍ አለ። ቤርቲኖም አዎ አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ሰው በልቡ ጸሎቱን አሰበ። እጁን አላነሳም፣ ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። ያቺ ሐሳብ ግን ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ ምልክት ጣለች። ይህ የሆነው የመጀመሪያው የኤክስሬይ ፎቶ ከመነሳቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ሞሶ ሌላም ሞከረ። ቤርቲኖን 8 ሲባዛ በ12 ስንት ነው ብሎ በቃሉ እንዲያሰላ ጠየቀው። መስመሩ ተነሳ። ስሌት ነው፤ የሚያስደነግጥም የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ስለዚህ ጉዳዩ የስሜት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ማሰብ ራሱ ደም ይጠይቃል ማለት ነው።

ውጤቱን በ1880 ስለ ሰው አንጎል የደም ዝውውር በጻፈው ሥራው አወጣው፤ በዓመቱ በጀርመንኛም ታተመ። ከዚያም አናቱ ያልተከፈተ ሰው ላይ ይህን ማየት ቢቻል ብሎ ተመኘ። ትልቅ የእንጨት ሚዛን ሠራና ሰው አስተኛበት። ሰውየው ሲያስብ ደም ወደ ራሱ ሄዶ ሚዛኑ በራስ በኩል ዝቅ ይላል ብሎ ነው። ሐሳቡን እወድለታለሁ። ሚዛኑን ግን አላምነውም። ሰው ሲተነፍስ ብቻ እንኳ ሚዛን ይንቀሳቀሳል፤ ትንሽ የደም ለውጥን ከዚያ መለየት ከባድ ነው። የተከፈተ አናት የሰጠውን ነገር እንጨት ሊተካው አልቻለም።

ምን አረጋገጠ፣ ምን አላረጋገጠም?

ቤርቲኖ አንድ ሰው ነው። ክፍተቱም አንድ ቦታ ላይ ነው። ሞሶ የለካው ደግሞ የትርታውን መጠን ነው፤ በደቂቃ ስንት ደም እንዳለፈ አልለካም። የትርታ ጉብታ ከፍ ማለትና የደም ፍሰት መጨመር አንድ አይደሉም፤ ደም ሥር ሲሰፋም ሲጠብም ጉብታው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ "አንጎል ሲያስብ ይህን ያህል ደም ይጨምራል" የሚል ቁጥር ከቤርቲኖ አይወጣም። የወጣው ነገር ሌላ ነው፦ ሐሳብ ሲመጣ አንጎል ውስጥ ያለው ዝውውር ይለወጣል፤ ለውጡም ከቀሪው ሰውነት ተለይቶ ሊሆን ይችላል።

በ1890 ቻርልስ ሮይና ቻርልስ ሼሪንግተን እንስሳት ላይ ሠርተው ተመሳሳይ ነገር ጻፉ። አንጎል የሚሠራው ክፍል የሚፈልገውን ደም ራሱ የሚጠራበት መንገድ አለው አሉ። ነገር ግን የሚቃወም ጠንካራ ድምፅ ተነሳ፤ በተለይ ሊዮናርድ ሂል በ1896። ጉዳዩ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀዘቀዘ።

የቀሰቀሰው ደግሞ አሁንም አናቱ የተከፈተ ሰው ነው። በ1928 ጆን ፉልተን የሚባል አሜሪካዊ የአንድ ወጣት መርከበኛን ጉዳይ ጻፈ። ሰውየው በአንጎሉ የኋላ ክፍል የተጠላለፉ ደም ሥሮች ነበሩበት። ታዋቂው ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ሊያወጣለት ሞክሮ አልሆነም፤ አጥንቱ ሳይመለስ ክፍተቱ ቀረ። ሰውየው አንድ እንግዳ ነገር ይናገር ነበር፦ ዓይኔን ሳሠራው ከኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ድምፅ ይጨምራል። ፉልተን በክፍተቱ በኩል አዳመጠ። ሰውየው ጋዜጣ ሲያነብ የደሙ ሹክሹክታ ይጨምራል። ሽታ ሲያሸት ግን አይጨምርም። የአንጎል የኋላ ክፍል የማየት ሥራ የሚሠራበት መሆኑን ልብ በሉ።

ዛሬ ሆስፒታል ገብቶ አንጎሉ ሲያስብ በቀለም የሚያሳየውን ኤምአርአይ የሚነሳ ሰው፣ ማሽኑ የሚያየው ይህንኑ ነው። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳዩት ዘዴ የሚመረኮዘው የሚሠራው የአንጎል ክፍል ኦክስጅን የያዘ ደም ስለሚበዛበት ነው። የትልቅ ሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህል ነው።

ወደ ሕፃኑ ስንመለስ

የቤርቲኖን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ የሕፃን እርግብግቢት የማይበት ዓይን ተለውጧል። እሱ በጡብ ያገኘውን፣ እያንዳንዱ ሕፃን ይዞት ይወለዳል። እናቶችም ያለ ክዳንና ያለ ብዕር ያነቡታል። ታዲያ ምን ማንበብ እንዳለብን ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ይዛችሁት፣ ሳያለቅስ፣ እርግብግቢቷ ለጥ ያለች ወይም በጥቂቱ ዝቅ ያለች ከሆነች ደህና ነው። መርገብገቧም ደህና ነው። ሲያለቅስ ብትወጠር ደህና ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞት በጣም ከጎደጎደች ግን ውሃ አልቆበታል፤ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱም ከቀነሰ አትጠብቁ። ጡት እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጸጥ ብሎ ቀና ብሎ ሳለ ካበጠችና ከጠነከረች፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ይህ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው። እንደተኛ ይነሳል ብላችሁ አታሳድሩት።

ሁለት ዓመት አልፎት ካልተዘጋች ደግሞ ማሳየት ያስፈልጋል። የቫይታሚን ዲ እጥረት የሚያመጣው፣ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ አንዱ ምክንያት ነው። አያቶች ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ የሚሉት ለዚህ ይጠቅማል፤ ተሸፋፍኖ ከመስኮት ጀርባ የሚሞቅ ሕፃን ግን ከፀሐይዋ ብዙም አያገኝም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍም። ቅቤውስ? ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ አጥንቱ እንዲዘጋም እንዳይዘጋም አያደርግም። አራስ ሕፃንን ቅቤ ማስዋጥ ግን ጨርሶ አይገባም። በነገራችን ላይ ስታጥቡት አናቱን ቀስ ብላችሁ መንካት አይጎዳውም፤ ሽፋኑ ከምናስበው በላይ ጠንካራ ነው።

ትልቅ ሰው ላይስ? እርግብግቢታቸው ዕድሜ ልክ ሳይዘጋ የሚኖር ሰዎች አሉ። አጥንት አሠራር ላይ ችግር የሚያመጣ፣ በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ ነው፤ የአንገት አጥንታቸው ስለሚጎድል ወይም ስለሚያንስ ሁለቱን ትከሻዎቻቸውን ፊት ለፊት ሊያገናኙ የሚችሉ ሁሉ አሉ። ከዚያ በላይ የሚያጋጥመው ግን በቀዶ ሕክምና የተከፈተ አናት ነው። በመኪና አደጋ ወይም በስትሮክ አንጎሉ ያበጠ ሰው፣ ሐኪሞቹ የራስ ቅሉን አንድ ክፍል አንስተው ለአንጎሉ ቦታ ይሰጡታል። የሞንሮን ሳጥን ይከፍቱታል ማለት ነው። አጥንቱ ከወራት በኋላ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ያ ሰው ልክ እንደ ሕፃን ነው፦ ሲተኛ ቦታው ይነሳል፣ ሲቀመጥ ይጎደጉዳል፣ ሲያስል ይወጠራል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ያንን ቦታ እንደ አራስ እርግብግቢት ጠብቁለት።

መስኮቱ እንደገና

በ2017 ፓሪስ ውስጥ ተመራማሪዎች አራስ ሕፃናት እርግብግቢት ላይ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ አስቀመጡ። አልትራሳውንድ አጥንት አያሳልፈውም፤ በእርግብግቢት በኩል ግን ይገባል። በየሆስፒታሉ ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ የሚያዩት በዚሁ መንገድ ነው። የፓሪሶቹ ግን አንድ እርምጃ አለፉ። ሕፃናቱ ተኝተው ሳለ የአንጎላቸው የደም ለውጥ ከእንቅልፋቸው ዓይነት ጋር አብሮ ሲለዋወጥ አዩ። የሞሶን ሥራ በጡብ ሳይሆን በተፈጥሮ መስኮት ሠሩት።

ከዚያ 2024 መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው በስኬትቦርድ ወድቆ ጭንቅላቱን ተጎድቶ ነበር። አንጎሉ ስላበጠ የራስ ቅሉ አንድ ክፍል ተነሳለት። አጥንቱ በሚመለስበት ጊዜ አንድ ነገር ተስማማ፦ በአጥንቱ ፋንታ የሚገባለት ነገር የአልትራሳውንድ ሞገድ የሚያሳልፍ የፕላስቲክ መስኮት ይኖረዋል። ቁስሉ ድኖ፣ ቆዳው ተዘግቶ፣ ፀጉሩ አድጎ ሳለ፣ ተመራማሪዎቹ ከቆዳው ላይ መሣሪያውን አስቀመጡና ሥራ ሰጡት። ስክሪን ላይ ነጥብ ከነጥብ የማገናኘት ጨዋታ ተጫወተ። ከዚያ ጊታር አነሳ። ክሮቹን ሲመታ፣ እጁን የሚያዘው የአንጎሉ ክፍል ውስጥ ደሙ ሲጨምር በመስኮቱ በኩል አዩት።